ዳኛው ብቻውን ሲቆም፤ ከገና ሜዳ እስከ እግር ኳስ ፊሽካ

በአማርኛ ቋንቋ በችሎት ተቀምጦ የርስት ክርክር የሚሰማው ሰውና በኳስ ሜዳ ላይ ፊሽካ የሚነፋው ሰው የሚጠሩበት ስም አንድ ነው፤ ሁለቱም ዳኛ ይባላሉ። ብዙ ቋንቋዎች ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያዩ ቃላት ሲኖሯቸው አማርኛ አንዱን ቃል ለሁለቱም መስጠቱ እንዲሁ ሊታለፍ አይገባውም። ቃሉ ከችሎት ወደ ሜዳ ሲሸጋገር ክብሩን ብቻ ሳይሆን ሸክሙንም ይዞ ተሸጋግሯልና። ይሁን እንጂ በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። የችሎቱ ዳኛ ምስክር ይሰማል፤ መዝገብ ያገላብጣል፤ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ቢሳሳትም ስሕተቱን የሚያርም የይግባኝ ሸንጎ ከበላዩ አለ። የሜዳው ዳኛ ግን ምስክሩም፣ መርማሪውም፣ ፈራጁም ራሱ ነው። ለውሳኔው የተሰጠው ጊዜም አንዲት ቅጽበት ብቻ ናት።

ስለዚህ አንድ ጀማሪ ዳኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊሽካ ይዞ ወደ ሜዳ ሲገባ ሁለት ነገሮች አብረውት ይገባሉ። አንደኛው ከተጫዋቾች አፍ የሚሰማው አቤቱታ ነው፤ ሁለተኛው ከራሱ ልብ የሚነሣው ጥርጣሬ ነው። ሁለቱም ከየት እንደመጡ ታሪካቸውን መርምሮ ማወቅ ሸክሙን ባያጠፋውም ያቀለዋል።

ዳኛ የሌለው ጨዋታ

የላስታ ደጋ ለዚህ ጉዳይ መነሻ የሚሆን የቆየ ትምህርት አለው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ በሚዘልቀው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ አጠገብ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ የልደት በዓል በአገራችን በልዩ ድምቀት ከሚከበርባቸው ቦታዎች ቀዳሚዋ ናት። ታኅሣሥ 29 ቀን የጌታ ልደት ከንጉሥ ላሊበላ የልደት ቀን ጋር ተዳብሎ ይከበራል። የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ሲፈጸም በደጋው አገር የሚከተለው የገና ጨዋታ ነው። ጫፉ ቆልመም ያለ በትር ይያዛል፤ ከእንጨት ወይም ከጠፍር የተሠራችው ሩር መሬት ላይ ትጣላለች፤ ሁለቱ ወገኖችም በየፊናቸው ወደ ተቃራኒው ድንበር ሊያደርሷት ይራኮታሉ።

በዚህ ጨዋታ ጥንታዊ ልማድ የተጫዋቹ ቁጥር የተወሰነ አይደለም፤ የሜዳውም ስፋት እንደ መሬቱ አቀማመጥ ነው። ዳኛ ተብሎ ለብቻው የሚቆም ሰውም አልነበረም። በትሩ ሩሯን ስቶ ቅልጥም ሊመታ ይችላል፤ ተሸናፊው ወገን በግጥም ይወረፋል፤ ባላባት ከሎሌው ጋር ትከሻ ለትከሻ ይጋፋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ጠብ እንዳይነሣ የሚጠብቀው በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም የሚለው የቆየ አነጋገር ነው። አነጋገሩ ሕግ ሆኖ ያልተጻፈ ሕግ ነው። ሁሉም ሰው ለአንድ ቀን ቁጣውን በፈቃዱ ያስቀምጣል፤ የተመታ አይከስም፤ የተሰደበም ቂም አይዝም።

እንዲህ ያለው ስምምነት የሚሠራው ግን የጨዋታው ውጤት ከቀኑ ጋር አብሮ ስለሚያልፍ ነው። ነጥብ የሚመዘገብበት ሰንጠረዥ የለም፤ ለሚመጣው ሳምንት የሚተላለፍ ዋንጫም የለም። ውጤት ሲጻፍና ሲደመር፣ የአንድ ቀን ሽንፈት የዓመት ሽንፈት ሲሆን፣ የጨዋ ሰው ትዕግሥት ብቻውን አይበቃም። የገና ጨዋታ ራሱ በዘመናችን ወደ ባህል ስፖርቶች ውድድር ሲገባ የተጻፈ ደንብና የተመደበ ዳኛ አስፈልጎታል።

አቤቱታ ዳኛውን ይቀድማል

እግር ኳስም ሲጀመር ዳኛ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1863 በለንደን የተጻፈው የመጀመሪያው የእግር ኳስ ማኅበር ደንብ ስለ ዳኛ አንድም ቃል አላሰፈረም። ጨዋ ሰው ሆን ብሎ አያጠፋም የሚል እምነት ስለነበረ የተነሣውን ክርክር ሁለቱ አምበሎች ተነጋግረው ይጨርሱት ነበር። ጨዋታው እየተስፋፋ፣ ፉክክሩም እየከረረ ሲሄድ ይህ አላዋጣም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1870ዎቹ ጀምሮ ከየቡድኑ አንድ አንድ ሸምጋይ እንዲቆም ተደረገ። ሸምጋዮቹ ግን በራሳቸው ተነሣሥተው አይፈርዱም ነበር፤ ፍርድ የሚሰጡት ተጫዋቹ አቤት ሲል ብቻ ነው። ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ደግሞ ከሜዳው ውጭ የቆመ ሦስተኛ ሰው ይጠየቅ ጀመር፤ የዛሬው ዳኛ አባት ይህ ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1891 ሦስተኛው ሰው ከዳር ተነሥቶ ወደ ሜዳው መሐል ገባ፤ ሁለቱ ሸምጋዮችም ወደ ዳር ወጥተው የመስመር ዳኞች ሆኑ። የፍጹም ቅጣት ምትም በዚያው ዓመት ነበር በደንቡ የገባው፤ ሐሳቡን ያመጣውም ዊልያም ማክክረም የተባለ የአየርላንድ በረኛ ነው። በተከታዮቹ ጥቂት ዓመታት ዳኛው ማንም ሳይጠይቀው በራሱ ዐይን አይቶ እንዲፈርድ ሙሉ ሥልጣን ተሰጠው።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ፍሬ ነገር ለጀማሪ ዳኛ ትልቅ ጥቅም አለው። አቤቱታ ከጨዋታው ውጭ የመጣ በሽታ አይደለም፤ ዕድሜውም ከዳኛው ዕድሜ ይበልጣል። አንድ ጊዜ የፍርዱ መነሻ እርሱ ራሱ ነበር። ደንቡ ተለወጠ፤ የተጫዋቹ ልማድ ግን እንዳለ ቀረ። ተከላካዩ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ወደ መስመር ዳኛው ሲጮህ፣ ሳያውቀው፣ ከአንድ መቶ ዓመት በፊት የተሻረ ሥርዓት መፈጸሙ ነው።

ዳኛው ሥልጣን ቢሰጠውም ሥልጣኑን የሚያስረዳበት ቋንቋ ለብዙ ዘመን አልነበረውም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 23 ቀን 1966 በዌምብሌይ ሜዳ እንግሊዝና አርጀንቲና ለዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ሲጋጠሙ፣ ጀርመናዊው ዳኛ ሩዶልፍ ክራይትላይን የአርጀንቲናውን አምበል አንቶኒዮ ራቲንን አስወጡት። ራቲን አስተርጓሚ ይምጣልኝ እያለ አልወጣም ብሎ ጨዋታው ለደቂቃዎች ተቋረጠ። በውድድሩ የዳኞች ኃላፊ የነበሩት ኬን አስተን ይህን ካዩ በኋላ፣ ሐሳቡን ከመንገድ መብራት ወስደው ቢጫና ቀይ ካርድን አመጡ። ካርዶቹም እ.ኤ.አ. በ1970 በሜክሲኮው የዓለም ዋንጫ ሥራ ላይ ዋሉ። ለመሐንዲስ ይህ የሚገባ ነገር ነው፤ መልእክቱ አልደረሰ ሲል ድምፅ ከማጉላት ይልቅ ምልክቱን መለወጥ ይሻላል።

ከበላ ልበልሃ ወደ ፊሽካ

ወደ አገራችን ስንመለስ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1943 ተቋቋመ። በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. በካርቱም የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲካሄድ ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ የተባበረችውን ዐረብ ሪፑብሊክ 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። የዚያ ቡድን አሠልጣኝ የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1979 ዓ.ም. መርተዋል።

ኳሱ ወደ አገራችን ሲገባ ደንቡም አብሮት ገባ። ደንቡን የተቀበለው ኅብረተሰብ ግን በሙግት የሠለጠነ ነበር። በበላ ልበልሃ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በአደባባይ ቆመው፣ ማርና በቅሎ እያስያዙ፣ በቃል ጥበብ ይረታቱ ነበር። ዳኛ በአቅራቢያ ካልተገኘ መንገደኛ ተለምኖ በዛፍ ጥላ ሥር ይዳኛል፤ በፍርዱ ያልረካም ከምስለኔ ወደ አገረ ገዥ፣ ከአገረ ገዥ እስከ ንጉሥ ችሎት አቤት እያለ ይሄዳል። አቤቱታ የሚለው ቃል ራሱ ከዚህ ጩኸት የተወለደ ነው። እንግዲህ ኢትዮጵያዊው ተጫዋች ዳኛውን ከብቦ እጁን እያወራጨ ሲከራከር ሁልጊዜ ባለጌ ነው ማለት አይቻልም፤ አባቶቹ ያደረጉትን እያደረገ ነው። ልዩነቱ የእግር ኳስ ደንብ በጨዋታ ላይ በተፈጸመ ድርጊት ዳኛው የሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ነው ማለቱ ላይ ነው። ዳኛው ውሳኔውን መለወጥ የሚችለው ጨዋታው ዳግመኛ ከመጀመሩ በፊት ብቻ ነው። ይግባኙ ያለው በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል።

ይህን የተረዳ ዳኛ አቤቱታዎችን ሁሉ በአንድ ዐይን አይመለከታቸውም። አንደኛው ዓይነት ጥያቄ ነው፤ ተጫዋቹ ምን እንደተፈረደ አልገባውም። ለዚህ እንደ «ገፍተኸዋል» ያለ አንድ ቃል ይበቃዋል። ሁለተኛው ብሶት ነው፤ ተጫዋቹ ታሟል፣ ደክሟል፣ ወይም እየተሸነፈ ነው። ለዚህ መልሱ ዝምታና ጥቂት እርምጃ ራቅ ማለት ነው፤ ብሶት የሚፈልገው ሰሚ እንጂ ተከራካሪ አይደለምና። ሦስተኛው ዛቻ ወይም ስድብ ነው፤ ለዚህ ካርዱ አለ። የጀማሪ ዳኛ የተለመደ ስሕተት ሦስቱን ማቀላቀል ነው። ለጠየቀው ካርድ ያወጣል፤ ለተበሳጨው ረጅም ማብራሪያ ይሰጣል፤ የዛተበትን ደግሞ ፈርቶ ያልፈዋል። በዚህም ሜዳው ሁሉ ከእጁ ይወጣል።

ዐይንና ማዕዘን

ከአቤቱታው ቀጥሎ የሚመጣው ጥርጣሬ ነው። ጀማሪው ፊሽካውን ከነፋ በኋላ «በእርግጥ አይቻለሁን?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ጥያቄው የድክመት ምልክት ሳይሆን ከጂኦሜትሪ የሚወጣ ነው። አንድ የመስመር ዳኛ ከመጨረሻዎቹ ተከላካዮች ትይዩ አንድ ሜትር ብቻ ወደ ኋላ ቀርቶ ቆመ እንበል። ተከላካዩ ከእርሱ በ10 ሜትር፣ አጥቂው ደግሞ በ40 ሜትር ርቀት ላይ ይሁኑ። ዳኛው ሁለቱን በዐይኑ ብቻ አጋጥሞ ቢያያቸው፣ የአጥቂው ትክክለኛ ቦታ እርሱ ካየው በ3 ሜትር ሊለይ ይችላል። በሌላ በኩል በሰከንድ 7 ሜትር የሚሮጥ አጥቂ ዳኛው ዐይኑን ከኳሱ ወደ መስመሩ እስኪመልስ በሚያልፈው የሰከንድ አንድ አምስተኛ ውስጥ 1.4 ሜትር ይጓዛል። በዚህ ላይ በላሊበላ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጋ ብቻ ስለሆነ፣ የደከመ ዳኛ ከኳሱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ወደ ኋላ በቀረ መጠንም ማዕዘኑ ይበላሻል።

መሐንዲስ ይህን ዓይነት ችግር ያውቀዋል። ማንኛውም ልኬት ስሕተት አለበት፤ የባለሙያው ተግባር ስሕተቱን መካድ ሳይሆን ማጥበብ ነው። ለዳኛም ማጥበቢያው ቦታ ነው፤ ቀድሞ መሮጥ፣ ከጎን ሆኖ ማየት፣ ያላዩትን አለመፍረድ። ከዚህ ጋር አንድ ሌላ መሠረታዊ ነገር አለ። አንድ ቅየሳ በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ወደ ቀኝ ቢሳሳት፣ በሁለተኛው ነጥብ ላይ ሆን ብሎ ወደ ግራ በመሳሳት አይቃናም። ዳኛም እንደዚሁ ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ ያለ አግባብ ለሰጠው ቅጣት ምት በሁለተኛው አጋማሽ ማካካሻ ቢሰጥ ስሕተቶቹ ሁለት ይሆናሉ እንጂ አይጣፉም። ተጫዋቾቹም ወዲያውኑ ያውቁበታል፤ ከዚያ በኋላ የሚጮኸው ሁሉ የሚጮኸው ማካካሻ ለማግኘት ይሆናል።

ስሕተትን ተሸክሞ መኖር

የዳኛ ስሕተት በዓለም ፊት የተሠራበት ትልቁ ምሳሌ የአንድ አፍሪካዊ ዳኛ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 22 ቀን 1986 በሜክሲኮ ከተማ አርጀንቲናና እንግሊዝ ሲጋጠሙ የመሐል ዳኛው የቱኒዝያው ዓሊ ቢን ናስር ነበሩ። በ51ኛው ደቂቃ ዲዬጎ ማራዶና በእጁ ኳሱን ከመረብ አገናኘ። ቢን ናስር ጥርጣሬ ስላደረባቸው ወደ መስመር ዳኛው፣ ወደ ቡልጋሪያዊው ቦግዳን ዶቼቭ ተመለከቱ። ምልክት አላዩም፤ ግቡንም አጸደቁ። ስሕተቱ እስከ ዛሬ ይነገራል። በዚያው ጨዋታ ከአራት ደቂቃ በኋላ ማራዶና ከሜዳው አጋማሽ ተነሥቶ ተጫዋቾችን እያለፈ ሲገሠግሥ ዳኛው በቅርብ ተከታተሉት፤ ሊጥሉት የሞከሩትን አይተው ፊሽካ ከመንፋት ታገሡ። በዚህም ብዙዎች የምዕተ ዓመቱ ግብ የሚሉት ግብ ተቆጠረ። በአንድ ዳኛ፣ በአንድ ጨዋታ፣ በአራት ደቂቃ ልዩነት ከባዱ ስሕተትና እጅግ የተዋጣው ትዕግሥት አብረው ታዩ። ቢን ናስር ከመጀመሪያው ግብ በኋላ በራሳቸው ላይ እምነት አጥተው ቢሆን ኖሮ ፊሽካቸው ሁለተኛውን ግብ በቆረጠው ነበር። ማራዶና እ.ኤ.አ. በ2015 ቱኒዝያ ድረስ ሄዶ እኒህን ዳኛ መጎብኘቱም የታወቀ ነው።

ሌላው ትምህርት ርኅራኄ ፍርድን ስለሚፈትንበት ጊዜ ነው። ጥር 16 ቀን 2014 ዓ.ም. በያውንዴ ካሜሩንና ኮሞሮስ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲገናኙ ዳኛው ኢትዮጵያዊው ባምላክ ተሰማ ነበሩ። ኮሞሮስ በረኞቿን በወረርሽኝና በጉዳት አጥታ ተከላካይዋን ቻከር አልሐዱርን በረኛ አድርጋ ቀርባለች፤ የተመልካቹ ልብ ወደ እርሷ ማዘንበሉ አያስደንቅም። በ7ኛው ደቂቃ የኮሞሮሱ አምበል ናጂም አብዱ በፈጸመው ጥፋት ቀይ ካርድ ታየበት። ደንቡ ስለ ጥፋቱ እንጂ ስለ ጥፋተኛው ችግር አይጠይቅም። ጨዋታው 2 ለ 1 በካሜሩን አሸናፊነት ቢያልቅም፣ በጎደሎ ቁጥር የተጫወተችው ኮሞሮስ በክብር ወጣች። ለደካማው ክብር የሚሰጠው ደንቡ ለእርሱም እንደ ጠንካራው እኩል ሲሠራበት ነው።

ዳኝነት የሌላ ሙያ ባለቤቶች ሥራ መሆኑንም ማስታወስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2019 በሴቶች የዓለም ዋንጫ የተመረጠችው የጅማዋ ሊዲያ ታፈሰ በሙያዋ የመድኃኒት ባለሙያ ናት፤ ከዳኝነት በፊትም የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበረች። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ሜዳ የሚገባው የሳምንቱን ሥራ ጨርሶ ነው። ሐኪሙ፣ መምህሩ፣ መሐንዲሱ ፊሽካ ሲያነሡ ለፍርድ የሚያስፈልገውን ልማድ ከየሙያቸው ይዘው ይመጣሉ።

በላስታ ሜዳ

እንደ ላሊበላ ባለች ከተማ የጀማሪው ሸክም ከትልቅ ከተማው ዳኛ ሸክም ይለያል። በትልቅ ስታዲየም የሚሰድበው ተመልካች ስሙን እንኳ በቅጡ አያውቀውም። በትንሽ ከተማ ግን አጥቂው የጎረቤት ልጅ ነው፤ በረኛው የጽዋ ማኅበርተኛው ወንድም ነው፤ አምበሉ ምናልባት የክርስትና ልጁ ነው። እሑድ የተፈረደበት ሰው በሚመጣው ቅዳሜ በገበያ ያገኘዋል። ደልዳላ መሬት ብርቅ በሆነበት ተራራማ አገር ሜዳው ራሱ ወደ አንድ ወገን ቢያዘነብል የማያስገርም ሲሆን፣ የሠለጠነ የመስመር ዳኛ የማይገኝበትም ጊዜ ብዙ ነው።

ይህ ቅርበት ሸክም ብቻ ሳይሆን ረዳትም ይሆናል። ሁሉን የሚያውቅ ዳኛ ማን በቶሎ እንደሚቆጣ፣ የማን ቃል በቡድኑ ዘንድ እንደሚሰማ አስቀድሞ ያውቃል። ጨዋታው ሳይጀመር ሁለቱን አምበሎች ጠርቶ «ጥያቄ ካለ በእናንተ በኩል ይምጣ» ቢላቸው ከሃያ ሁለት አፍ የሚመጣው ጩኸት ወደ ሁለት ይወርዳል። እንግዲህ ከመጀመሪያዎቹ የጨዋታው ዘመናት የተወረሰው የአምበል ሽምግልና ከሽማግሌ ባህላችን ጋር እዚህ ላይ ይገናኛል። ዓለም አቀፉ የደንብ ቦርድም በቅርብ ዓመታት ወደ ዳኛው ቀርቦ መናገር ለአምበሉ ብቻ እንዲፈቀድ የሚያደርግ መመሪያ ማውጣቱ የዚህን ጥበብ ትክክለኛነት ያሳያል።

ከጨዋታው በኋላ ደግሞ ጥርጣሬው ቦታ ያስፈልገዋል። የሕንፃ ሥራ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ በየማታው የዕለቱን መዝገብ እንደሚጽፍ ሁሉ፣ ዳኛውም ያጠራጠሩትን ሁለት ወይም ሦስት ውሳኔዎች መጻፍ ይችላል፤ የት ቆሞ ነበር? ምን አየ? ምን ጋረደው? ተጽፎ የተያዘ ጥርጣሬ ለሚቀጥለው እሑድ የአቋቋም ትምህርት ይሆናል፤ ሳይጻፍ በልብ የተያዘ ግን ሌሊት እንቅልፍ ይነሣል፤ እየዋለ ሲያድርም ፊሽካውን ያስጥላል። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ሥራ የሚተዉት ደንቡን ስላላወቁ አይደለም፤ ከጨዋታው በኋላ ብቻቸውን ስለሚቀሩ ነው።

ከከተማይቱ መካከል የቆመው ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ያህል ጥልቀት ካለው ወጥ ዐለት ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ያ አሠራር ከግንባታ የሚለየው የተቆረጠ ድንጋይ የማይመለስበት በመሆኑ ነው። ጠራቢዎቹ ይህን እያወቁ መዶሻቸውን አነሡ፤ መጀመሪያ ለኩ፤ ከለኩ በኋላም መቱ። ዳኛም ፊሽካውን ሲነፋ የሚሠራው ሥራ ይህንኑ ይመስላል።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት የደረሰባት ላስታ፣ ሰዎች ያልወደዱትን ውሳኔ ያለ ጉልበት ተቀብለው ጨዋታቸውን የሚቀጥሉበት ቦታ ያለውን ዋጋ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። እንዲህ ያለው ቦታ እንዲኖር በየእሑዱ ፊሽካ ይዞ የሚገኝ ሰው ያስፈልጋል። በየአውራጃው ከተማ በሥራ ላይ ያሉ የሙያ ማኅበራት አባላት ከሚመጣው የውድድር ዘመን ጀምሮ ለዚህ ሰው ሦስት ነገሮች ሊያደርጉለት ይችላሉ፤ ሜዳውን ደልድለው መስመሩን በትክክል ሊያሰምሩለት፣ የመስመር ዳኛ ሆነው አጠገቡ ሊቆሙለት፣ ከጨዋታውም በኋላ አብረውት ተቀምጠው የዕለቱን መዝገብ ሊያነቡለት። አቤቱታው አይቀርም፤ ዳኛው ብቻውን መቆሙ ግን ሊቀር ይችላል።